«መደገፊያ» ወይስ «አጣማጅ»? ስለ አንድ የሥነ ሕይወት ቃል አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ስኳር በሽታ የተጻፈና ለጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ እንዲሆን ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። ተርጓሚው የደከመበት፣ ዐረፍተ ነገሩም በአብዛኛው የጠራ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከመካከሉ የሚከተለውን አገኘሁ፦ «መደገፊያ ፕሮቲኑ በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሥራውን ሲያጠናክር የኢንሱሊን መቋቋም ይጨምራል።» የሕክምና ትምህርት የሌለው፣ አማርኛ ግን አፉን የፈታበት ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይረዳል? ደጋፊ አለ፤ ደጋፊው በርትቷል፤ የመቋቋም ኃይልም ጨምሯል። ለሕመምተኛው እልል የሚያሰኝ ዜና ነው። የእንግሊዝኛው ምንጭ የሚለው ግን በሽታው እንደሚብስ ነው።

ተርጓሚውን ለመውቀስ አይቻልም። ሁለቱንም ቃላት ያገኛቸው በባለሙያ ከተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን አምኖ ተከተለ፤ ዝርዝሩም ወደ ገደል መራው። ከሁለቱ ቃላት አንዱን፣ «መደገፊያ ፕሮቲን» የሚለውን፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የቃላት ኮሚቴ ላይ ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው «ስካፎልድ» ማለቱን አየሁ፤ ግንበኛ የሚቆምበትን የባሕር ዛፍ ርብራብ አሰብኩ፤ ርብራብ ደግሞ ድጋፍ ነው ብዬ ወሰንኩ። ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ የጠየቅሁት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ይህ ሂስ ከተርጓሚው ይልቅ በቃሉ አቅራቢ ላይ የሚያርፍ ነው።

ነገሩን ለመመዘን አስቀድሞ ቃሉ የሚያመለክተውን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያ ላልሆነው አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ከቆሽት የሚመነጭ አነስተኛ ፕሮቲን ነው። (ብዙ ሰው ቆሽትንና ጣፊያን ያደባልቃል፤ ይህ ለብቻው ሌላ ሂስ ይፈልጋል።) ስሙ «ደሴት» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ የሚመነጭባቸው የሕዋስ ክምችቶች፣ ፓውል ላንገርሃንስ በ1869 እንደገለጻቸው፣ በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው ይታያሉና። ኢንሱሊን መልእክቱን ለማድረስ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ከተተከለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ተቀባዩ በውስጠኛው ወገኑ ኪኔዝ የሚባል የኤንዛይም ዓይነት ነው፤ ይኸውም በሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ማለት ነው። ተቀባዩ ይህ ችሎታ እንዳለው የታወቀው በ1982 ነበር። ፎስፌት ከሚለጥፍባቸው ዋነኛው አይአርኤስ 1 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን ጂኑ የተለየው በ1991 ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት አይአርኤስ 1 ሌላ ኤንዛይም ወደ ራሱ ያስጠጋል፤ ያም በሽፋኑ ስብ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱ ኤኬቲ የተባለውን ኪኔዝ ይጠራል። በመጨረሻም በጡንቻና በስብ ሕዋሳት ውስጥ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ጉበትም ስኳር ማምረቱን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ስለሆነ «ቅብብል» የሚለው ቃል እጅግ ተስማምቶታል፤ ይህን ቃል የመረጡት ባልደረቦቼ ሊመሰገኑ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ። አንድ ሕዋስ በሺህ በሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች የተጨናነቀ ነው። ኪኔዞቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ኪኔዝ የብዙ ቅብብሎች ተካፋይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ትክክለኛው ከትክክለኛው ጋር እንዴት ይገናኛል? ከመልሶቹ አንዱ በ1994 በእርሾ ላይ ተገኘ። ስቴ 5 የተባለው የእርሾ ፕሮቲን ራሱ ኪኔዝ ሳይሆን በአንድ ቅብብል ላይ የሚከታተሉትን ሦስት ኪኔዞች በየቦታቸው ይይዛቸዋል። ተያይዘው ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ይሠራል። ሳይንቲስቶቹ ይህን የመሰለውን ፕሮቲን «ስካፎልድ» አሉት።

በኢንሱሊን ቅብብል ዙሪያ ከተጠኑት የዚህ ዓይነት ፕሮቲኖች ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ፤ ለክርክሬ እነርሱ ይበቃሉና። የመጀመሪያው አይኪውጋፕ 1 ይባላል። 1,657 አሚኖ አሲዶች ያሉት ግዙፍ ፕሮቲን ነው። ከኢንሱሊን ተቀባይም ከአይአርኤስ 1ም ጋር ይያያዛል። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ተዳክሟል። ሁለተኛው ጂፕ 1 ነው። ይህኛው የሚይዘው ሌላ ቅብብል፣ የጄኤንኬን ቅብብል ነው። ጄኤንኬ በውፍረት ጊዜ በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይነሣሣል፤ በአይአርኤስ 1 ላይም ፎስፌት በማይገባው ቦታ እየለጠፈ የኢንሱሊንን መልእክት ያደናቅፋል። በ2004 በታተመ ጥናት ጂፕ 1 የሌላቸው አይጦች ስብ የበዛበት መኖ ቢመገቡም ጄኤንኬ በስብ ሕብረ ሕዋሳቸው ውስጥ አልተነሣሣም፤ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽም ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኘ።

እነሆ ሁለት ፕሮቲኖች፣ የአንድ ክፍል አባላት። አንዱ ሲጠፋ በሽታ ይመጣል፤ ሌላው ሲጠፋ በሽታ ይርቃል። «መደገፊያ» ይህን ይሸከማልን? በአማርኛ ድጋፍ ሁልጊዜ የሚወደድ ነገር ነው። ደጋፊ የሌለው ሰው ያሳዝናል፤ ድጋፍ የሚነሣ ሰው ክፉ ነው። «መደገፊያው ሲጠፋ ጤና ተገኘ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የራሱን ዐረፍተ ነገር ተጠራጥሮ ይሰርዘዋል፤ ወይም እንዳየነው «ድጋፉ ሲበረታ» እያለ በሽታን የምሥራች አስመስሎ ያቀርባል።

ከዚህ የከፋም አለ። «መደገፊያ» በሥነ ሕይወት ውስጥ ባለቤት ያለው ቃል ነው። እንደ ኮላጅንና ኬራቲን ያሉት፣ ቆዳን፣ ጅማትን፣ ጠጉርን፣ ጥፍርን የሚያቆሙት ፕሮቲኖች በተማሪዎቻችን አንደበት «ደጋፊ ፕሮቲኖች» ይባላሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። የእኔ ቃል በዚያ ላይ ሲጨመር ጅማትንና የመልእክት ቅብብልን በአንድ ከረጢት ከተተ። መጽናኛ ከሆነ ጀርመኖችም በዚህ ወድቀዋል፤ «ጌሩስትፕሮታይን» የሚለው ቃላቸው «የርብራብ ፕሮቲን» ማለት ሲሆን ለሁለቱም ወገን ሲያገለግል ይታያል። ፈረንሳዮችም የግንበኛውን ርብራብ ወስደዋል። እንግሊዝኛው «ስካፎልድ» ደግሞ የሞት ፍርደኛ የሚወጣበት መድረክም መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን በፈገግታ ማለፉ አይቀርም።

«ታዲያ ርብራብ ቢባልስ?» ያሉኝ አሉ። «ርብራብ ፕሮቲን» ከ«መደገፊያ» የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ከኮላጅን ጋር አይጋጭም። ነገር ግን ዘይቤው ራሱ ጉድለት አለበት። ርብራብ ሕንፃው እስኪያልቅ ብቻ የሚቆም፣ ካለቀ በኋላ የሚፈርስ ነገር ነው። ሰዎቹ በእርሱ ላይ ቆመው ግንብ ይሠራሉ እንጂ ርብራቡ ግንበኛውን ከግንበኛ ጋር አያገናኝም። ከሁሉም በላይ ርብራብ ቢበዛ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሥራው ይፈጥናል። የኛ ፕሮቲን ግን ከመጠን ሲያልፍ ሥራውን ያበላሻል። ይህን ነጥብ ሠፋ አድርጌ ላቅርብ፤ የቃሉ ዕጣ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና።

ሁለት ኪኔዞች አሉ እንበል፤ አንዱ ሰጪ፣ ሁለተኛው ተቀባይ። የሚያገናኛቸው ፕሮቲን ከሌለ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገናኙም። በመጠኑ ሲኖር በአንድ ቦታ ሁለቱም ይያዛሉ፤ መልእክቱም ያልፋል። ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን አንደኛው ኪኔዝ በአንዱ ላይ፣ ሁለተኛው በሌላው ላይ ለየብቻቸው ይያዛሉ፤ ቅብብሉም ይቋረጣል። ይህ በ2000 በታተመ የሒሳብ ስሌት ተተንትኗል። አይኪውጋፕ 1ን በሚመለከት ደግሞ በ2004 የታተመ ሙከራ አለ፤ ኤርክ በተባለው ኪኔዝ ላይ ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲጨመርም ሲቀነስም የኪኔዙ መነሣሣት ቀንሷል። ያ ሙከራ የተሠራው በኢንሱሊን ሳይሆን በሌላ የዕድገት መልእክተኛ ነው፤ የአሠራሩ ሕግ ግን አንድ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ርብራቡን ትቼ ሌላ ምስል ስፈልግ ቆየሁ። ማገር፣ ወጋግራ፣ ድልድይ፣ መድረክ ሁሉንም ሞከርኩ። ሁሉም የቆሙ ነገሮች ናቸው። በመጨረሻ የመጣልኝ ቀንበር ነው። ቀንበር ራሱ አይስብም። ሁለቱን በሬዎች ጎን ለጎን ያቆማል፤ የሚስቡት በሬዎቹ ናቸው። ማታ ይፈታል፣ ጧት ይጠመዳል፤ ፕሮቲኖቹም እንዲሁ ይሰባሰባሉ፣ ይበተናሉ። ሁለት በሬ ላለው ገበሬ አንድ ቀንበር ይበቃዋል። ሁለት ቀንበር አምጥቶ አንዱን በሬ በአንዱ፣ ሁለተኛውን በሌላው ለየብቻ ቢጠምዳቸው ሁለት ግማሽ ጥማድ እንጂ አንድ ሙሉ ጥማድ አያገኝም፤ እርሻም የለም። የሒሳብ ሊቃውንቱ በስሌት የደረሱበትን ማንኛውም አራሽ በማሳው ላይ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ «ቀንበር ፕሮቲን» እንዲባል አልጠይቅም። የቀንበር ስም በአማርኛ የግዛትና የጭቆና ጥላ አጥልቶበታል። የሚጠቅመን ከቀንበሩ ይልቅ ግሡ ነው። እዚህ ላይ ሰዋስዋችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ የበለጸገ ሆኖ ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ግሥ ሲያረባ አምስቱን አዕማድ ይቆጥራል፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። በአማርኛው «ጠመደ» ላይ ብናሳይ ጠመደ፣ ተጠመደ፣ አስጠመደ፣ ተጣመደ፣ አጣመደ ይሆናል። አሁን እነዚህን አዕማድ በሕዋሱ ውስጥ እንያቸው። ኪኔዙ አድራጊ ነው። ፎስፌት የሚለጠፍበት ፕሮቲን ተደራጊ ነው። ኪኔዙን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን አስደራጊ ነው። አንዱ በሌላው ላይ የሚሠሩት ሁለቱ ፕሮቲኖች ተደራራጊዎች ናቸው። እነርሱን እርስ በርስ እንዲደራረጉ የሚያበቃቸው፣ ራሱ ሳያደርግና ሳይደረግበት፣ አደራራጊ ነው። እንግሊዝኛ ይህን በግሥ እርባታ ሊናገር ስለማይችል የግንበኛ እንጨት ተበደረ። እኛ ግን አምስተኛው አዕማድ በእጃችን ሳለ የተበደረውን እንጨት ለመበደር ሄድን።

ስለዚህ የማቀርበው ቃል «አጣማጅ ፕሮቲን» ነው።

የአደራራጊ አዕማድ በአማርኛ ሁለት ትርጉም እንዳለው የሰዋስው ሰዎች ያውቃሉ። አንደኛው እርስ በርስ ማስደረግ ነው፤ «አጣላ»፣ «አስታረቀ» ካሉት ቃላት ጎራ የመጀመሪያው ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛው አብሮ ማገዝ ነው፤ «አፋለገ» ሲባል ከፈላጊው ጋር ሆኖ ፈለገ ማለት ነው። «አጣመደ»ም ሁለቱንም ይይዛል፤ በሬዎቹን አንድ ላይ አዋለ፣ ወይም ጠማጁን በመጥመድ ረዳው። የሚያስደንቀው ሳይንሱም ወደ ሁለቱ መድረሱ ነው። ስቴ 5 በመጀመሪያ ኪኔዞችን አቅራቢ ብቻ መስሎ ነበር። በ2009 የታተመ ጥናት ግን ስቴ 5 አንደኛውን ኪኔዝ ለሌላው የተመቸ እንደሚያደርገው፣ ማለትም ሥራውን እንደሚያግዝ አሳየ።

ይህ ግኝት ሌላ የቅርጽ ጥያቄም ይፈታል። «መደገፊያ» በመሣሪያ ስም ቅርጽ የተሠራ ነው፤ እንደ መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ መቁረጫ። በዚያው ልማድ «ማጣመጃ ፕሮቲን» የሚል አማራጭ ሊቀርብ ይችላል፤ አንድ ባልደረባዬም ይህንኑ ብለውኛል። የመሣሪያ ስም ግን ነገሩ በሌላ እጅ ካልተያዘ ምንም እንደማያደርግ ይናገራል። ስቴ 5 እንደዚያ አለመሆኑ ከተረጋገጠ የአድራጊ ስም፣ «አጣማጅ»፣ ይገባዋል።

ሥርወ ቃሉም የቆየ ነው። በግዕዝ «ጸመደ» ሲሆን «ጽሙድ» ማለት የተጠመደ፣ አንድ ነገርን ሳይለቅ የያዘ ነው። በዕብራይስጥም «ጼሜድ» ጥንድ፣ ጥማድ ማለት ነው። ግዕዙን በቀጥታ ወስደን «አጻማዲ» እንበል የሚሉ ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቃላት ሥራችን ታሪክ ብዙ ታይቷል። እኔ አልደግፈውም። የአማርኛው «ጠ» በሁሉም አንደበት ሕያው ሆኖ ሳለ ተርጓሚውን ወደ ግዕዝ መላክ ቃሉን ያከብራል እንጂ አያሠራውም።

በ«አጣማጅ» ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን መሸሸግ አይገባም። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ጥማድ ሁለት ነው፤ ስቴ 5 ግን ሦስት ኪኔዞችን ይይዛል፤ አይኪውጋፕ 1 ደግሞ ከዚያ የሚበዙትን። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ቅብብሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ስለሚሄድ፣ ማለትም በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ አድራጊና አንድ ተደራጊ ስላለ፣ ጉድለቱ ይቃለላል እንጂ አይጠፋም። ሁለተኛው «ወጥመድ» ከዚሁ ሥር መውጣቱ፣ «ጠመደኝ» ማለትም «ቂም ያዘብኝ» መሆኑ ነው። ይህ ጥላ በ«ጠመደ» ላይ ብቻ ያረፈ ነው፤ «ተጣማጅ» ላይ አልደረሰም። የስፖርት ጸሐፊዎች ሁለቱን አጥቂዎች «ተጣማጆች» ሲሉ ማንም ቂም አይታየውም። በሬ ሲጠመድ አይቶ የማያውቀው የከተማ ወጣት ቃሉን የሚያውቀውም በዚህ በኩል ነው። ሦስተኛው «አጣማሪ» የሚለው ቃል ይሻላል የሚል ነው። «ጥምረት» ግን የአንድነትን ነገር ያስባል፤ «ጥምር ቃል» ስንል ሁለቱ አንድ ሆነዋል። በአጣማጁ ላይ የተያዙት ፕሮቲኖች አንድ አይሆኑም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሠርቶ ይለያያል።

ከ«ተቀባይ»ና ከ«ቅብብል» ጋር በአንድ ሥር እንዲተሳሰር «አቀባባይ» ቢባል የሚል ሐሳብም ቀርቦልኛል። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ እጅግ የሚያጓጓ ነው፤ ሦስት ቃል ከአንድ ሥር! ለረጅም ጊዜ አመንትቻለሁ። ነገር ግን አቀባባይ ሰው ዕቃው በእጁ ያልፋል፤ አጣማጅ ፕሮቲን ግን ፎስፌቱን አይነካም። የቤተሰቡ ማማር ለትክክለኛነት መሥዋዕት መሆን አለበት።

የ«ተቀባይ» ነገር ከተነሣ በረቂቁ ያገኘሁትን ሌላ እንቅፋት ልጥቀስ። «ኢንሱሊን ተቀባዩ ሲጎዳ» ይላል። ተጎጂው ማን ነው? በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው ፕሮቲን ነው ወይስ በክሊኒኩ መስኮት ላይ መድኃኒቱን የሚቀበለው ሕመምተኛ? በአማርኛ ሁለቱም ናቸው። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነገሩ ፕሮቲን ሲሆን «ተቀባይ ፕሮቲን» ብሎ መጨረስ፣ ሰውየው ሲሆን «ኢንሱሊን የሚወስደው ሕመምተኛ» ማለት።

«መቋቋም» ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። «ረሃብን ተቋቋመ»፣ «በሽታን የሚቋቋም ዘር»፣ «መከራን የመቋቋም ችሎታ» እንላለን። በአማርኛ የሚቋቋም ጀግና ነው። «የኢንሱሊን መቋቋም አለብህ» የተባለ ሰው፣ ወይ አንድ ነገር እንዲታገሥ የታዘዘ ወይ ጉልበት እንዳለው የተነገረው ይመስለዋል። በተጨማሪም «የኢንሱሊን» የሚለው አገናዛቢ አሻሚ ነው፤ ኢንሱሊኑ ነው የሚቋቋመው ወይስ ኢንሱሊን ነው የሚቋቋሙት? የጤና ባለሙያዎቻችን በሌላ ቦታ ከዚህ ወጥመድ አምልጠዋል። መድኃኒት የማይበግረውን ቲቢ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ብለውታል፤ ይህ ከዘመናችን መልካም የሙያ ቃላት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህም «ኢንሱሊን የተላመደ ሕዋስ» እንበልን? በጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ያምራል። ነገር ግን ኢንሱሊን በመርፌ እንዲወስድ የታዘዘ ሕመምተኛ «ሰውነቴ ይለምደዋል» ብሎ መርፌውን ቢተወው ተጠያቂው ቃሉ ይሆናል። ስለዚህ ረዘም ቢልም «ለኢንሱሊን የሚሰጥ ምላሽ መዳከም»፣ ሲያጥር «የኢንሱሊን ምላሽ ድክመት» እንዲባል አቀርባለሁ። ድክመት ማንንም አያስደስትም፤ ማንንም ወደ ተሳሳተ ውሳኔ አይመራም።

ስለ መጠሪያ ስሞች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንደ «አይኪውጋፕ 1» ያሉት ስሞች እንደ ድምፃቸው እንዲጻፉ እንጂ እንዳይተረጎሙ አጥብቄ እመክራለሁ። «አይኪው» የሚለውን ያየ ተርጓሚ የአእምሮ ብቃት መለኪያውን ማሰቡ አይቀርም። እዚህ ግን አይና ኪው የሁለት አሚኖ አሲዶች፣ የአይሶሉሲንና የግሉታሚን፣ ምሕፃረ ፊደላት ናቸው። «ጋፕ» ደግሞ አንድን የኤንዛይም ሥራ የሚያፋጥን ማለት ነው፤ ፕሮቲኑ በ1994 ሲገለጽ ከእነዚያ ጋር የሚመሳሰል ክፍል ስለተገኘበት ይህ ስም ተሰጠው። በኋላ ሲፈተን ያ ችሎታ የለውም፤ እንዲያውም የሚያያዛቸውን ፕሮቲኖች በንቁ መልካቸው ያቆያቸዋል። እንግዲህ ስሙን በትርጉሙ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በ1994 የተገመተውን ስሕተት በአማርኛ አዲስ አድርጎ ያትመዋል። ለክፍሉ ስም ከሥራው የወጣ የአማርኛ ቃል፣ ለእያንዳንዱ አባል ግን የድምፅ ቅጂ፤ ልዩነቱ መጠበቅ አለበት።

ያልተፈታ የቀረኝ አይአርኤስ 1 ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ የተቀባዩን ተደራጊነት ብቻ ይናገራል፤ ሥራው ግን ሌሎችን በራሱ ላይ ማሳረፍም ነው። ተደራጊም ነው፣ ማረፊያም ነው። በ1994 ይህ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ዕድገታቸው ቀጨጨ፣ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽም በመጠኑ ተዳከመ፤ ወንድሙ አይአርኤስ 2 የሌላቸው ግን፣ በ1998 እንደታየው፣ በስኳር በሽታ ተያዙ። አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህንም ከስካፎልዶች ጎራ ይመድቧቸዋል። እኔ «ማረፊያ ፕሮቲን» በሚል ለይቼ አቆይቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን ፎስፌት ካልተለጠፈበት በስተቀር ማረፊያ ስለማይሆን ቃሉ ከነገሩ ግማሹን ብቻ ይዟል። የባዮኬሚስትሪ ባልደረቦች በዚህ ላይ አስተያየታቸውን በዚህ መጽሔት ቢያቀርቡ በምስጋና እቀበላለሁ።

ለረቂቁ ተርጓሚ የላክሁት እርማት የሚከተለው ነበር፦ «በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይህ አጣማጅ ፕሮቲን የጄኤንኬን ቅብብል ሲያበረታ፣ ሕዋሱ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል።» ከዋናው በጥቂት ቃላት ይረዝማል። ተርጓሚው ተቀብለውታል፤ የቃላት ዝርዝሩ ግን እስካሁን «መደገፊያ» እንዳለ ነው፤ ከጎኑም ቃሉን ያቀረበው ሰው ስም አልተጻፈም።